ዘንዶውን ለአማቴ ስተርክ

የሰይፍና የአስማት ፊልም የማይወድ ሰው ካለ ጸጉሩን ሌላ ቤት ይቆረጥ። አስመራ ጎዳይፍ፣ ፌርማታው አጠገብ ባለችው ጸጉር ቤቴ ወንበር ላይ ስንቱን አስቀምጬ ጠይቄያለሁ። አስተማሪው፣ ሾፌሩ፣ ከሜዳ የተመለሰው ታጋይ፣ ሁሉም መጀመሪያ ላይ “እኔ እንኳ ቁም ነገር ያለው ፊልም ነው የማየው” ይላል። አንገቱን ወደኋላ አድርጌ ሳሙናውን ስቀባው ግን እውነቱ ይወጣል። ባለፈው ቅዳሜ ቪዲዮ ቤት ገብቶ፣ ያ በበረዶ ውስጥ ደረቱን ገልጦ የሚሄደው ጀግና አሥራ አንድ ሰው ሲጥል አይቶ፣ ሻሂውን አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ላይ እንደደፋ ይናዘዛል።

እኔ አልደብቅም፤ እወዳለሁ። ይህ ዓይነቱ ፊልም ሰው አያደክምም። ክፉው ማን እንደሆነ ገና በር ሲከፍት ታውቁታላችሁ፤ ካባው ያማረው እሱ ነው። ደጉ ልብስ የለውም። አስማተኛው ዓለምን በሙሉ በአንድ ገበቴ ውሃ ውስጥ ያያል፤ ጀግናው ከመጋረጃው ጀርባ መቆሙን ግን አያይም። እኔን የሚያናድደኝ ከሙያዬ ጋር የተያያዘው ብቻ ነው። ጀግናው ሦስት ወር በረሃ ለበረሃ ሲንከራተት ጢሙ አያድግም። ልዕልቲቱ ግንብ ውስጥ ከተቆለፈባት ሁለት ዓመቷ ነው፤ ጸጉሯ ግን ትናንት የተሠራ ነው። እስረኛ ላይ እንዲህ የሚሠራ ባለሙያ ካለ አድራሻውን ስጡኝ። ዘንዶው ሲተነፍስ ደግሞ በሆዱ በኩል የሸራው ስፌት ይታያል። ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ ዘንዶው ብቅ ሲል እግሬን ከመሬት አነሳለሁ።

የዛሬው ጨዋታችን ግን ስለ ዘንዶው አይደለም፤ ስለ አማቴ ነው። በመሃል ሁለቱን ባቀላቅላቸው ይቅርታ አድርጉልኝ።

አማቴ አቦይ ሐጎስ ዕድሜ ልካቸውን የከባድ ማኪና መካኒክ ነበሩ። ቤታቸው እዚያው አስመራ፣ ጸጸራት ነው። ሁለት ልጆች አሏቸው፤ ወንዱ ጅዳ ነው፣ ሴቷ ሚስቴ አብረኸት ናት። “ሚስቴ” ብዬ በአንድ ቃል ስጽፈው ቀላል ይመስላል። ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ልኬበታለሁ።

በመጀመሪያው ጊዜ “ሥራው ምንድን ነው?” ብለው ጠየቁ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነገሩን ከፍ ሊያደርግልኝ ፈልጎ “የሰው ጭንቅላት ላይ ነው የሚሠራው” አላቸው። አቦይ ሐጎስ ሐኪም መስዬያቸው ሻሂ አስቀዱ። ሻሂው ሳይጠጣ ሌላው ሽማግሌ፣ እውነተኛ ሰው ነው፣ “በመቀስ” ብሎ ጨመረበት።

በሁለተኛው ጊዜ ዘሬን ጠየቁ። ጎዳይፍ ተወልጄ ጎዳይፍ እንዳደግሁ ተነገራቸው፤ አባቴ ግን የወሎ ሰው ነው። “ነገ ልጄን አውቶቡስ ላይ ጭኖ ደሴ ይወስድብኛል” አሉ። ነጻነት ከመጣ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር፤ እንደኔ አማርኛ የሚናገረው ብዙው ሰው ጓዙን ጠቅልሎ ሲሄድ በዓይናቸው አይተዋል፤ ስለዚህ ፍርሃታቸውን ከመሬት ተነስተው አልፈጠሩትም። እኔ ግን የትም የመሄድ ሐሳብ አልነበረኝም። ደሴን የማውቃት አባቴ ሲያወራላት ነው።

በሦስተኛው ጊዜ በሩ አልተከፈተም። አጎቷ በአባት ቦታ ቆመው፣ ጎዳይፍ ድንኳን ተጥሎ ተጋባን። አቦይ ሐጎስ አልመጡም፤ ልጃቸውንም “ደጄን እንዳትረግጪ” አሏት። ፊቴን አይተው፣ ድምፄን ሰምተው አያውቁም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለውን ግን ሳይሰሙ አይቀሩም።

በዚህ መሃል አብረኸት አረገዘች። እኛ ዘንድ ሴት ልጅ የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው አባቷ ቤት፣ እናቷ እጅ ላይ ነው። የሚታረሰውም እዚያው ነው። ይህ ደንብ አማት አኩርፏል ተብሎ አይቀየርም። ዘጠነኛ ወሯ ሲገባ አብረኸት ልብሷንና የሕፃኑን ጨርቅ በሻንጣ አሰናድታ በሩ ጀርባ አስቀመጠች።

“ምንድን ነው ይሄ?” አልኳት።

“አባዬ ጋ ልሄድ።”

“በሩን ከፈቱ?”

“አልከፈተም። እሱ ካልከፈተ ግን ጎዳይፍ አልወልድም።”

“ታዲያ የት ልትወልጂ ነው?”

“አልወልድም!”

ይህ ውሳኔ ጊዜው እንዳለፈበት ላስረዳት ሞከርኩ። አለቀሰች። ስታለቅስ ደግሞ ድምፅ የላትም፤ ዝም ብላ የሻንጣውን ዚፕ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። በሕይወቴ እንደዚያ ዚፕ ያስጨነቀኝ ነገር የለም። ሰው ልጅቷን አግብቶ አባቷን እንዳሳጣት የሚሰማው እንዲህ ያለ ቀን ነው።

እናቷ አደይ ለተብርሃን ግን በየሳምንቱ ገበያ ነኝ እያሉ ጎዳይፍ ብቅ ይሉ ነበር። አንድ ቀን መጡና ጸጉር ቤቴ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። አብረኸት እኔው ጋ ነበረች።

“ስማዕ ወደይ፣ ስማኝ ልጄ” አሉኝ። “ሐጎስ የዓይን ሞራ ተገፈፈለት። ሁለቱንም ዓይኑን አሽገውታል፤ አሥር ቀን በጀርባው ይተኛል። ሐኪሙ ማጎንበስ የለም፣ ማሳል የለም፣ መሳቅ የለም፣ መቆጣት የለም ብሎታል።”

“መቆጣት የለም?” አለች አብረኸት። “ታዲያ ምን እየሠራ ሊውል ነው?”

“ጢሙ አድጎ እያሳከከው ነው። ሲያክ ዓይኑን እንዳይነካ ፈራሁ። አንተ ና ላጨው። አያይህም፤ ድምፅህንም አያውቅም። ሲወድህ ማን እንደሆንክ እኔ እነግረዋለሁ።”

“ካልወደዱኝስ አደይ?”

“ካልወደደህ ጢሙ ተላጨ።”

በማግስቱ ዕቃዬን ይዤ ጸጸራት ገባሁ። አቦይ ሐጎስ አልጋ ላይ ተንጋለዋል። ፋሻው የፊታቸውን ግማሽ ወስዶታል፤ የቀረው ግማሽ ግን ለመቆጣት ይበቃል። ሳሙናውን ቀባሁ፣ ምላጩን ሳልኩ፣ አገጫቸውን ቀና አደረግሁ። ከፊቴ ያለው ለሁለት ዓመት “እሱ ሰውዬ” ሲለኝ የኖረ ጉሮሮ ነው። እጄ ዳንስ ጀመረች።

“እጅህ ለምን ትንቀጠቀጣለች?”

“በብስክሌት ስለመጣሁ ነው አቦይ።”

“ስምህ?”

“ኪዳነ።” ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

“ዓድኻ፣ አገርህ ወዴት ነው?”

“ዓዲ ጓዕዳድ።”

“የማን ልጅ?”

አስመራ ውስጥ ከዚህ ጥያቄ ያመለጠ ሰው የለም። አደይ ለተብርሃንን አየኋቸው። በከንፈራቸው ብቻ፣ ድምፅ ሳያወጡ፣ “ወልደሚካኤል” አሉኝ።

“የአቦይ ወልደሚካኤል” አልኩ።

አቦይ ሐጎስ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ ሥር አውጥተው ክንዴን ያዙ። “ዋይ ወደይ! ያ አምና የሞተው? እግዚአብሔር ያጽናህ። ለተብርሃን እኮ ለቅሶው ላይ ሦስት ቀን ነበረች። ለተብርሃን! ይህን ልጅ አላየሽውም?”

“ብዙ ሰው ነበር” አሉ አደይ ለተብርሃን፣ ወደ ጓዳ እየገቡ።

አባቴ ጎዳይፍ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብሎ ጋዜጣ እያነበበ፣ እኔ እዚህ የሙት ልጅ ሆኜ ተጽናናሁ። “ትግርኛህ ግን ለምን ታነክሳለች?” አሉኝ ጥቂት ቆይተው። አዲስ አበባ አድጌ ነው አልኩ። “ጽቡቕ፣ ጥሩ፤ እንግዲያው በአማርኛ አጫውተኝ። የኔም ዝጋለች፤ ከጋራዥ አለቆቼ ነው የለመድኳት። ጸጉር ቆራጭ ዝም ብሎ ሲላጭ ሰው ሬሳ የሚታጠብ ይመስለዋል።”

ምን ላጫውታቸው? ቤተሰብ አይወራ፣ ሠፈር አይወራ። በምላሴ ላይ የነበረው ያለፈው ቅዳሜ ፊልም ብቻ ነው፤ እሱን ጀመርኩ። ጀግናው፣ አስማተኛው፣ ግንቡ። ሰውዬው እንደ ሕፃን ጸጥ አሉ። ለካ አቦይ ሐጎስ ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ ከተማው መሃል ባሉት ሲኒማ ቤቶች የሰይፍ ፊልም አምልጧቸው አያውቅም! ልጃቸው ከጅዳ ቪዲዮ ዴክ የላከላቸውም ለዚሁ ነው። ይኸው አሁን ዓይናቸው ታሽጎ ዴኩ ቆሟል።

“ለተብርሃን ትንገረኝ ብዬ አስከፍቼ ነበር” አሉ። “ምን ትለኛለች መሰለህ? ‘መታው። እንደገና መታው። ወደቀ። ሌላ መጣ። መታው።’ ይህ ፊልም ነው ወይስ ሊጥ? ነገ ካሴት ይዘህ ና!”

አብረኸት ይህን ስነግራት ሻንጣውን ከበሩ ጀርባ አንስታ ወደ በሩ ፊት አዛወረችው።

ካሴቱን የተከራየሁት ከጎዳይፉ ዑስማን ነው። እሱም የወሎ ልጅ ነው። ሁለት ካሴት የሆነ ረጅም የሰይፍ ፊልም ሰጠኝ። ሐኪሙ ለድምፅ የፈቀደላቸው በቀን አንድ ሰዓት ስለሆነ ቆራርሰን ልንጨርሰው ተስማማን። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ነው። የኔ እንግሊዝኛ “ኖ”፣ “ጎ” እና “ዳይ” ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ፊልም ይበቃል፤ ሦስቱም የሚመጡት በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። የቀረውን እኔ እሞላለሁ።

መሙላቱ ግን ቀላል አልነበረም፤ መካኒክ ሁሉን ይጠይቃል።

“ሰይፉ ከምን የተሠራ ነው?”

“ከብረት ነው አቦይ።”

“ብረትማ ብረት ነው። ባሌስትራ ነው?”

ባሌስትራ ማለት እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን የፈቱት የከባድ ማኪና ሞላ ነው። “ልክ ነዎት፣ ባሌስትራ ነው” አልኩ።

“ጽቡቕ። እሱ አይሰበርም።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀግናው ባሌስትራውን እየመዘዘ ነው የሚዋጋው። ዘንዶው ደግሞ በየቀኑ ያድግብኛል። ማጋነን የሙያዬ በሽታ ነው። “ትናንት ቤት ያክላል አላልክም? ዛሬ እንዴት ቤተ ክርስቲያን አከለ?” ይሉኛል። “እየበላ ነው አቦይ” እላለሁ።

በአራተኛው ቀን ተንኮል አሰብኩ። ተርጓሚው እኔ ነኝ፤ ታዲያ ለራሴ ጉዳይ አንዲት ቃል ብወረውር ምን አለበት? ፊልሙ ላይ ንጉሡ ከጀግናው ጋር ስለ አንድ ካርታ ነው የሚጨቃጨቀው። እኔ ግን “ጀግናው የንጉሡን ልጅ ለጋብቻ ጠየቀ፤ ንጉሡ ‘አንተ የሌላ አገር ሰው ነህ’ ብሎ ከለከለው” አልኩ። አንጀታቸው ይላወሳል ብዬ ጠበቅሁ።

“ንጉሡ ልክ ነው!” አሉ አቦይ ሐጎስ።

ደነገጥኩ። ጀግናው ደግ መሆኑን፣ ልዕልቲቱም እንደምትወደው፣ ሥራም እንዳለው ጨመርኩ። “ምን ሥራ?” አሉኝ፤ ይህን መንገድ ስለማውቀው ቶሎ ተመለስኩ። በማግስቱ ንጉሡን አጸጸትኩት። ካርታውን ይዞ ሲስቅ እያየሁት፣ እያለቀሰ ነው አልኩ።

“ምን ሆነ ንጉሡ? ታመመ?”

“ልጄን ለምን ከለከልኩ ብሎ ነው አቦይ።”

“አይፋል፣ አይጸጸትም። አንተ አልገባህም። ንጉሡ ልጁን ጠልቶ አይደለም፣ ልጁንም የጠየቀውን ጠልቶ አይደለም። ወንዱ ልጅ ባሕር ማዶ ሄደ። ሴቷም ከሄደች ግንቡ ውስጥ ማን ሊቀርለት ነው? ካሴቱን ነው ቁጭ ብሎ የሚያየው?”

ፊልሙ ውስጥ ባሕር ማዶ የሄደ ወንድ ልጅ አልነበረም። አደይ ለተብርሃን ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሰደዱ። እኔም የዚያን ዕለት ዘንዶውን እንኳ በልኩ አድርጌ ነገርኳቸውና ወጣሁ። እስከዚያች ቀን ድረስ ሰውዬውን እፈራቸው ነበር፤ ከዚያ በኋላ አዘንኩላቸው፣ እውነቴን ነው፣ ወደድኳቸውም።

የመጨረሻው ቀን ሰኞ ነበር። ፋሻው ሐሙስ ይፈታል ተብሏል። አደይ ለተብርሃን “ዛሬ ፊልሙ ሲያልቅ፣ ደስ እንዳለው፣ እነግረዋለሁ” አሉኝ። አብረኸት ወገቧን እየያዘች ነው የሸኘችኝ። አቦይ ሐጎስ ደግሞ ትዕግሥት አጥተዋል። “ላጨኝ ከዚያ ንገረኝ የለም፤ እየላጨህ ንገረኝ” አሉ። ሪሞቱን ራሳቸው ይዘውታል፤ ዓይናቸው ታሽጎ እንኳ ለሰው አይሰጡም። እኔ ግራ ጉንጫቸውን ጨርሼ ወደ ጉሮሯቸው ወረድኩ።

ጀግናው ባሌስትራውን አነሳ። አስማተኛው ሁለት እጁን ዘረጋ። “አሁን አቦይ፣ አሁን!” አልኩ። ቴሌቪዥኑን ነጭ ነጠብጣብ ሞላው። ከዚያ እልልታ መጣ፤ ከዚያ ከበሮ። ከዚያ ደግሞ ሱፍ ለብሼ፣ አበባ ደረቴ ላይ ሰክቼ፣ እኔ ራሴ መጣሁ።

እዚህ ላይ ስለ ዑስማን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዑስማን ካሴት ማከራየት ብቻ ሳይሆን ሠርግ ቀራጭም ነው። የኛን ሠርግ ሲቀርጽ መሃል ላይ ባዶ ካሴት አለቀበት። ወደ ሱቁ ሮጠና ደንበኛ ሳያጠነጥን የመለሰውን አንድ የፊልም ካሴት አንስቶ፣ ከቆመበት ቦታ ጀምሮ ሠርጋችንን ቀረጸበት። ካሴቱንም ከሌሎቹ ጋር መልሶ ደረደረው። የትኛው እንደሆነ ግን ጠፋበት፤ የሠርጋችንን ሁለተኛ አጋማሽ “አገኘዋለሁ ወላሂ” እያለ ሲምልልን ከረመ። ይኸው ተገኘ።

“እንታይ እዩ? ምን መጣ?” አሉ አቦይ ሐጎስ።

“ሠራዊት ነው አቦይ።”

“እልል እያለ?”

“የጀግናው ወገን ነው። ደስ ብሎት።”

“ከበሮውስ?”

“የጠላት።”

ጆሯቸውን አቀኑ። “የኛን ጭፈራ፣ ጓይላ እኮ ነው የሚመቱት!”

“አስማተኛው ነው። አስማት አደረገባቸውና ጦራቸውን ጥለው መጨፈር ጀመሩ።”

“በትግርኛ?”

“ኃይለኛ አስማተኛ ነው” አልኩ።

ዴኩን ላጠፋ ምላጬን እንደያዝኩ ተነሳሁ። “አትንካ!” አሉና ድምፁን ጨመሩት። በዚህ ጊዜ አንዲት ረጅም፣ መጨረሻዋ ላይ ሁለት ጊዜ የምትሰበር እልልታ ቤቱን ሞላችው። አደይ ለተብርሃን የያዙት የሻሂ ብርጭቆ ከእጃቸው ወደቀ።

“ለተብርሃን” አሉ አቦይ ሐጎስ ቀስ ብለው። “ይህች እልልታ በዚህ ከተማ የአንዲት ሴት ብቻ ናት።”

“ቴሌቪዥን ውስጥ እኔን ምን አገባኝ?”

“ልዕልቲቱ ናት አቦይ” አልኩ፤ ሌላ ምን ልበል?

“ልዕልቲቱ ስድሳ ዓመቷ ነው?”

ዑስማን ክፉ ልማድ አለው፤ ሠርግ ላይ ማይክሮፎን ይዞ እየዞረ ሰው ያናግራል። አሁን ደግሞ የኔ ተራ ሆነ። “እሺ ሙሽራው፣ ቀርተው ላዘኑብህ አማትህ ምን ትላለህ?” ሲለኝ ይሰማል። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ሁለተኛውን በሙያዬ አውቀዋለሁ፣ የመጀመሪያውን ግን ያን ቀን በገዛ ጆሮዬ ሰማሁት። በስዋ፣ በጠላ፣ ሞቅ ያለው ሙሽራ፣ ማለትም እኔ፣ “አቦይ ሐጎስ ይምጡም ይቅሩም፣ አንድ ቀን ጉሮሯቸው ከምላጬ ሥር ትገባለች!” ብዬ ጮህኩ። ድንኳኑ በሳቅ ፈነዳ።

ጸጸራት ግን አልተሳቀም። አቦይ ሐጎስ እጃቸውን ቀስ አድርገው አነሱና ጉሮሯቸውን ዳሰሱ። ሳሙናውን አገኙት።

“ኪዳነ።”

“አቤት።”

“ምላጩን አስቀምጥ።”

“አስቀመጥኩ።”

“ራቅ አድርገህ።”

አንገታቸው ላይ ያለው ሥር ተነሳ። ሊነሱ ሲሉ አደይ ለተብርሃን ትከሻቸው ላይ ወደቁ። “ሐጎስ! ዓይንህ! መቆጣት የለም!” እኔም በሌላው ጎን ያዝኳቸው። ያን ጊዜ የተሰማኝን ፍርሃት ልደብቃችሁ አልችልም። የኚህ ሰው ዓይን ዛሬ ቢጠፋ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ አብረኸትም ያን በር ዳግም አታየውም።

“እና ወልደሚካኤል?” አሉ እያለከለኩ። “ለቅሶ ሄድኩ ያልሽኝ እዚህ ሠርግ ነበር?”

“ደኅና ነው” አሉ አደይ ለተብርሃን። “ቅዳሜ ገበያ አግኝቼው ሰላም በይልኝ ብሎሃል።”

“እኔ ጸሎት አስደርጌለታለሁ እኮ!”

“ለዚህ ይሆናል ያማረበት።”

ይህ ንግግር የሚያበርድ አልነበረም። ነገር ግን በዚያው ቅጽበት ዑስማን ማይክሮፎኑን ወደ ሙሽራይቱ አዞረ። “አብረኸት፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?” አለ። ከዚያ አብረኸት፣ ለማይክሮፎኑ ሳይሆን አጠገቧ ላሉት እናቷ ይመስለኛል፣ “እማ፣ አንቺ እዚህ ነሽ። ለአባዬ ምሳ ማን ሰጠው?” አለች።

አቦይ ሐጎስ መያዝ የማያስፈልጋቸው ሆኑ። ጭንቅላታቸው ትራሱ ላይ ተመለሰ።

“ያን ቀን አልበላሁም” አሉ። ከዚያ ወደኔ፣ “ቀጽል።”

“ምኑን አቦይ?”

“ንገረኝ እንጂ፣ ሥራህ አይደለም? ልጄ ምን ለብሳለች? እውነቱን ነው የምልህ፤ እንደ ዘንዶው እንዳታሳድገው።”

እኔም ነገርኳቸው። ቀሚሷ ነጭ ነው፣ ከአክስቷ የተዋሰችው ስለሆነ ትከሻው ላይ ሰፍቷታል። አክስቷ ጸጉሯን ወደኋላ ሰብስባ ነው የሠራቻት፤ በግራ በኩል ግን አንዲት ዘለላ አምልጣ ግንባሯ ላይ ወርዳለች፤ ደጋግማ ትመልሳታለች፣ ደጋግማ ትወርዳለች። “ከሕፃንነቷ ነው” አሉ አቦይ ሐጎስ። “ያቺ ዘለላ ሰው አትሰማም።” እየሳቀች ነው? እየሳቀች ነው። በሩን ታያለች? ዝም አልኩ። “እውነቱን” አሉኝ። አዎ፣ ሰው በገባ ቁጥር በሩን ታያለች። ሐኪሙ ብዙ ነገር ሲከለክል ማልቀስን አልከለከለም ነበር፤ ሰውዬውን አይቶ አላሰበውም መሰለኝ። ከፋሻው ሥር አንድ ነገር ወርዶ ከሳሙናው ጋር ተቀላቀለ። አደይ ለተብርሃን በጣታቸው ጫፍ ጠረጉላቸው።

“አሁን ማን ተነሳ?”

“አጎቷ ናቸው። በእርስዎ ቦታ ሊመርቁ ነው።”

አዳመጡ። የአጎትዬው ምርቃት አጭርና ሳል የበዛበት ነበር። “ይህ ምርቃት ነው? ይህ ሞተር በብርድ ሲነሳ ነው!” አሉና ሪሞቱን ወደኔ ዘረጉ። “ወደኋላ መልሰው። ሰውዬው ከመነሳቱ በፊት አቁምልኝ።”

አጠነጠንኩ። አጎቷ ወደኋላ ሄደው ተቀመጡ፣ እንደገና ሊነሱ ሲሉ አቆምኳቸው። አቦይ ሐጎስ በጀርባቸው እንደተኙ፣ ግማሽ ጢማቸው ተላጭቶ፣ ግማሹ በሳሙና እንደተሸፈነ፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ጣሪያው ዘረጉ። “ውለዱ፣ ዝመዱ” ብለው ጀመሩ። በትግርኛ ሄዱ፣ በአማርኛ ተመለሱ። ቤታችን እንዲሞላ፣ ልጆቻችን ትልቅ ሰው እንዲሆኑ፣ ማኪናችን መንገድ ላይ እንዳይቆም መረቁን፤ ማኪና የለንም። አደይ ለተብርሃን እያንዳንዱን “አሜን” አሉ።

ሲጨርሱ አገጫቸውን ወደኔ አዞሩ። “አንተ። ደሴ ትወስዳታለህ?”

“የትም አልወስዳትም አቦይ። ደሴን እኔም አላውቃትም።”

“በአባትህ ማል።”

“በየትኛው?” ስል አደይ ለተብርሃን በክርናቸው ወጉኝ። በእውነተኛው ማልኩ።

“ሒድ እንግዲህ፣ አምጣት” አሉ። “ጢሜን ስትመለስ ትጨርሰዋለህ።”

ብስክሌቴን ጸጸራት በር ላይ ጥዬ በታክሲ ነው ጎዳይፍ የደረስኩት። አብረኸት ፊቴን አይታ ምንም አልጠየቀችም፤ ሻንጣውን እኔ ሳላነሳው እሷ አንስታው ነበር። መንገዱን ሁሉ ያቺን ዘለላ ወደኋላ ስትመልስ ሄደች። በሩ ክፍት ነበር። አደይ ለተብርሃን ሁለቱንም ሳንቃ ከፍተው፣ እንዳይዘጋ ድንጋይ አስደግፈውበታል።

አቦይ ሐጎስ እርምጃዋን ሰምተው እጃቸውን ዘረጉ። አብረኸት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና እጃቸውን ይዛ ሆዷ ላይ አስቀመጠችው። ልጁ ሳይመታቸው አልቀረም፤ እጃቸውን እዚያው አቆዩ።

“ሐሙስ ነው የሚፈቱልኝ” አሉ።

“እሺ አባ።”

“እስከ ሐሙስ እንዳትወልጂ።”

አብረኸት አባቷን በዕድሜዋ ያልታዘዘችው አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም እኔን ስታገባ። ይህን ግን ታዘዘች። ዓርብ ጠዋት ወለደች።